በረዶው ላይ የተቀመጠው ሳንቲም

ክሊዮፈስ ሆሊየርን ያገኙት ከራሱ ተሳቢ ኋላ ነው፤ በደረቱ ተደፍቶ፣ አንድ እጁን ሆዱ ሥር አድርጎ። የተመታው ማጅራቱን ነው። ሹፌሮች ጎማቸውን እየቀጠቀጡ አየሩን የሚፈትሹበት አጭር የእንጨት ዱላ አለ፤ የእሱ ዱላ አጥሩ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ተንሳፎ ተገኘ። እጀታው ላይ በጋለ ብረት የተጻፈ ስሙ አለ።

እኔ ስደርስ ገና ጠዋት ቢሆንም አስፋልቱ መለብለብ ጀምሯል። አውሎ ነፋሱ ካለፈ ወዲህ ጫማዬ ደርቆ አያውቅም። የቤቴን ጣሪያ ግማሹን ወስዶ በምትኩ ሰማያዊ ሸራ ሰጥቶኛል። እንቅልፌን የምተኛው በፖሊስ መኪናዬ ወንበር ላይ ስለሆነ አንገቴ ወደ ግራ አይዞርም። በሉዊዚያና ባሕር ዳር መርማሪ መሆን በደህናውም ጊዜ ቢሆን የሚያስቀና ሥራ አይደለም።

"ሟቹን አግኝተናል፣ ገዳዩንም ይዘናል" አለኝ ካፒቴን ዴሊስ፣ አለቃዬ።

"ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?"

"ወረቀቱን የሚሞላ ሰው ጠፋ።"

አልሳቅኩም። እሱም እንድስቅለት አልጠበቀም።

"ስሚኝ ኔልዳ" አለ። "እስር ቤታችን ውኃ እንደገባበት ታውቂያለሽ። ሲመሻሽ እስረኞችን ወደ ሰሜን የሚወስድ አውቶቡስ ይመጣል፤ ሰውየው በእሱ ይሄዳል። አንዴ ከሄደ ጉዳዩ ተመልሶ ለመታየት ወራት ይፈጅበታል። እና ይሄ ዶሮ" ወደ ተሳቢው እያመለከተ "ዛሬውኑ ለትምህርት ቤቱ መጠለያ መድረስ አለበት። ሕዝቡ ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ ብስኩት እየቆረጠመ ነው። እስከዚያ ጨርሺልኝ።"

ግቢው የፈረስ ውድድር ሜዳ ነበር። አሁን ከየአገሩ የመጡ ከባድ መኪኖች ውኃ፣ ሸራ፣ ጄኔሬተርና ምግብ ጭነው መንገድ እስኪከፈት የሚጠብቁበት ነው። ሆሊየር የዚሁ ባሕር ዳር ልጅ ነው። የቀዘቀዘ ዶሮ የጫነውን ተሳቢ እዚህ ፈትቶ አቆመ፤ በዚያው ሰሞን በባዶው መኪናው ሌላ ተሳቢ እንዲጎትት ወደ ጎረቤት አውራጃ ላኩት፤ የተመለሰው ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነው። እሱ በሌለበት የተሳቢው ማቀዝቀዣ በራሱ ናፍጣ እየሠራ እንዲቆይ አደራው የግቢው ኃላፊ ላይ ነበር።

የተሳቢው ጓጉንቸር ተከፍቶ ተንጠልጥሏል፤ የሟቹ የቁልፍ ጥቅል እዚያው ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ሌባ ቢሆን ኖሮ ጓጉንቸሩን ይሰብረው ነበር። የከፈተው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው።

በሩን ስከፍት ቅዝቃዜው ፊቴን መታኝ፤ አልዋሽም፣ ሰው የሞተበት ቦታ መሆኑን ረስቼ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ከበሩ አጠገብ፣ ካርቶኖቹ መሐል፣ አንድ የወረቀት ኩባያ ተሸጉጧል። ኩባያው ውስጥ በረዶ አለ፤ በረዶው ላይ ደግሞ ቀይ ሳንቲም።

ደስ አለኝ። እናቴም ከማዕበል በሸሸን ቁጥር እንዲህ ታደርግ ነበር። በኛ በኩል ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው ማቀዝቀዣው ውስጥ በኩባያ ውኃ ያረጋና ሳንቲም ያስቀምጥበታል። ሲመለስ ሳንቲሙ ከላይ ካለ መብራት አልጠፋም፣ ምግቡ ይበላል። ሳንቲሙ ከሥር ከተገኘ በረዶው በመሐል ቀልጦ እንደገና ረግቷል፤ ያን ጊዜ ማቀዝቀዣውን መልሶ ዘግቶ በፕላስተር አሽጎ መንገድ ዳር መጣል ነው። ሰፈራችን ሰሞኑን እንዲህ በታሸጉ ማቀዝቀዣዎች ተሞልቷል፤ ሽታውን ተዉት።

"ዶሮው ደህና ነው" ብዬ ለካፒቴኑ ጮህኩለት። አሻራ ቢገኝበት ብዬ ኩባያውን በላስቲክ ከረጢት ይዤ ወረድኩ።

የተያዘው ሰው ሬይፎርድ ታብስ ይባላል፤ የኦክላሆማ ሹፌር፣ ትከሻው በር የሚያክል። እጁን በካቴና ታስሮ በፖሊስ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

"ተጣልታችኋል" አልኩት።

"ተጣልተናል። ሰደብኩት። እናቱንም አልማርኩም። ግን አልገደልኩትም፣ እመቤቴ።"

"በምን ተጣላችሁ?"

"በእንቅልፍ!" አለና የታሰሩ እጆቹን አነሳ። "ኃላፊው እዚያ ተሳቢ አጠገብ አቁም አለኝ፣ አቆምኩ። መጀመሪያ ላይ ገነት ነበር። ከእንቁራሪት በቀር የሚጮህ የለም። ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ኋላ ነው ያ ማሽን ከጆሮዬ ሥር የተነሳው። ተነሳ፣ በቃ፣ አልቆመም! ባለቤቱ ሲመጣ ጠብቄ አወረድኩበት። 'ይቅርታ ወንድሜ፣ አሁን አየዋለሁ' ብሎኝ ሄደ። እኔም ገብቼ ጆሮዬን በትራስ ደፍኜ ተኛሁ። የቀሰቀሱኝ ፖሊሶች ናቸው።"

"ያየህ ሰው አለ?"

"ስተኛ የሚያየኝ ሚስቴ ነበረች። እሷም ፈታችኝ።"

እጄ ላይ ያለውን ከረጢት በምኞት ተመለከተው። "የሚጠጣ ነው?"

"ማስረጃ ነው።"

አንገቱን አስግጎ አየና "በረዶ ላይ ሳንቲም? እናንተ የዚህ አገር ሰዎች ለማዕበሉ ስለት ትሳላላችሁ እንዴ?" አለኝ።

ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። ኩባያውን መኪናዬ ውስጥ፣ ከመሪው አጠገብ ያለው የጠርሙስ ማስቀመጫ ላይ አኖርኩትና በሩን ዘግቼ ሄድኩ። ስለ ማሽኑ የነገረኝንም ብዙ አላሰብኩበትም፤ እነዚያ ማቀዝቀዣዎች ራሳቸው ይነሳሉ፣ ራሳቸው ይጠፋሉ።

የግቢው ኃላፊ ኤልሬይ ፍሩጄ ቢሮ ካላችሁት ቢሮ ነው፤ መስኮት የተቀደደለት ኮንቴይነር። ሽማግሌውን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ሽሪምፕ አጥማጅ ነበር፤ ጀልባውን ይኸው አውሎ ነፋስ ጫካ ውስጥ ወርውሮበታል። ሚስቱ ሚስ ቬርና የትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ነበረች። ምሳ የሌለውን ልጅ ከሩቅ ለይታ ታውቅና ሳህኑን ሁለቴ ትሞላለት ነበር፤ እኔም ከነዚያ ልጆች አንዷ ነበርኩ። አሁን ሳንባዋ ደክሞ በኦክስጅን ማሽን ነው የምትተነፍሰው።

"ሚስተር ኤልሬይ፣ እንዴት ሰነበቱ?"

"እንደምታዪኝ፣ ልጄ። ቁሜ እሄዳለሁ።" ወንበሩን ለቆልኝ እሱ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

"ሚስ ቬርናስ?"

"ትተነፍሳለች። ይመስገን።"

የሸሚዙ እጅጌ ላይ ቀይ ጠብታዎች አየሁ። ዓይኔ እዚያ ላይ ሲቀር እሱም ተከትሎ አየና በድካም ፈገግ አለ። ክንዱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋልኝ። "አሽትቺው። ናፍጣ ነው። የማቀዝቀዣዎቹ ናፍጣ ቀይ ቀለም እንዳለው ረሳሽው? ቀኑን ሙሉ እሱን ስቀዳ ነው የምውለው።"

እውነትም ናፍጣ ነበር። ሽማግሌ ሰው በመጠርጠሬ አፈርኩ።

"የሆሊየር ማቀዝቀዣ ቆሞ ያውቃል?"

"ለአፍታም! በእጄ ነው የምሞላው።"

"ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?"

"ቤት። የቬርናን ጄኔሬተር ልሞላ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሰው ተሰብስቧል።" ቤቱ ከቦዩ ማዶ ስለሆነ ለመሄድም ለመመለስም ቅርብ ነው። "ይሄ የኦክላሆማ ሰውዬ ነው አሉ፤ ግልፍተኛ ነው። ክሊዮን ሲሰድበው ግቢው ሁሉ ሰምቷል።"

"እሱን ዛሬ ወደ ሰሜን ይወስዱታል። ዶሮውም ይለቀቃል።"

ሽማግሌው መለስ ብሎ አየኝ። "ዛሬ?"

"ለመጠለያው። ሲመሻሽ።"

ጣቶቹን አፍተለተለ። "በደንብ ያብስሉት በያቸው" አለ። "ብዙ ሰው ሲሆን ይቸኩላሉ። ቬርና ሁልጊዜ ትል ነበር፤ ዶሮ ጥሩ አድርጎ መብሰል አለበት።"

"እነግራቸዋለሁ" ብዬ ወጣሁ። ለሕዝቡ አሰበ ብዬ፣ ሞኟ እኔ፣ ልቤ ተነካ።

ቬርና ዘንድ ባልደረባዬን ላክሁ። "ባሌ ጠዋት መጥቶ ሞልቶልኛል ትላለች" አለኝ ሲመለስ።

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"እሱን አታውቅም። የግድግዳው ሰዓት መብራት ሲጠፋ ቆሟል።"

አጥሩን ዘለው በረዶ ይሰርቃሉ የተባሉ ወንድማማቾችም ነበሩ። ጭቃ ውስጥ ስዳክር የቀኔን ግማሽ በሉብኝ። በመጨረሻ ሳገኛቸው ጠዋቱን በሙሉ ሸራ ለመቀበል ሰልፍ ላይ ነበሩ፤ ቄሱ ምስክራቸው፣ ከፊታቸው የቆመው ደግሞ የካፒቴኑ አክስት። ትልቁ ወንድም "ሚስ ኔልዳ፣ በረዶ ሰርቀናል፣ እሱን አልክድም" አለኝ። "ግን ለበረዶ ሰው የሚገድል የኛ ሰው የለም፤ እንደዚያማ ቢሆን እስከዛሬ ተጨራርሰን ነበር።"

ስመለስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። አውቶቡሱ ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። አንድ ሹፌር መኪናውን ወደ ዶሮው ተሳቢ ወደ ኋላ እያስጠጋ ነበር። ታብስ ከመኪናው ወርዶ ከሌሎች እስረኞች ጋር ተሰልፏል። ስደርስ አየኝ፤ እንደ ጠዋቱ አልጮኸም። "እመቤቴ፣ እናቴ ታማለች፤ የት እንደወሰዳችሁኝ የሚነግርልኝ ሰው ይኖራል?" ብቻ አለኝ። በእጄ ላይ ያለው አንድ ስድብና አንድ ዱላ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ልጽፍ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። የጠዋቱ ኩባያ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ውስጥ ቆይቶ ውኃ ሆኗል። ማስረጃዬን እንዲህ በማስቀመጤ ራሴን ተራገምኩ። ከረጢቱን ከፍቼ ውኃውን በመስኮቱ በኩል አስፋልቱ ላይ ደፋሁት።

አንድ ነገር ጠብ ብሎ ቃጨለ። ከዚያ ሌላም ቃጨለ።

ወርጄ ተንበረከክሁ። አንዱ ጠዋት ያየሁት ቀይ ሳንቲም ነው። ሌላው ነጭ፣ ትልቁ፣ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ጠዋት ያላየሁት። ያልታየኝ በረዶው ሥር፣ ኩባያው ወለል ላይ ተኝቶ ስለነበረ ነው።

እዚያው በጉልበቴ ሳለሁ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣልኝ። ሆሊየር ያስቀመጠው ነጩን ነው፤ ነጩ ሰጥሟል። ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ኖሯል፣ በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል። ታብስ ገነት ነበር ያለው ለዚህ ነው፤ ማሽኑ ዝም ያለው ሞቶ ስለነበረ ነው። ቀዩን ደግሞ አንድ ሰው ኋላ፣ ከረጋው በረዶ ላይ አስቀመጠው። ያ ሰው ሳንቲም ከላይ መታየቱ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ነው። የኦክላሆማው ታብስ ለማዕበሉ ትሳላላችሁ ወይ ያለኝ፣ ያን አያውቅም። በዚያ ግቢ ከሟቹ በቀር የኛ ባሕር ዳር ሰው አንድ ብቻ ነበር።

በደንብ ያብስሉት በያቸው።

"አቁም!" እያልኩ ወደ ተሳቢው ሮጥኩ። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። በሩን ከፍቼ ያገኘሁትን ካርቶን በቢላ ቀደድኩት። ዶሮዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ሆነዋል፤ ከሥራቸው የቀለጠው ደም ረግቶ የካርቶኑን ወለል ለብሷል። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው። ይህን ነው ዛሬ ለነዚያ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ልናበላ የነበረው፤ ደህና ነው ብዬ የጮህኩትም እኔ ነኝ።

"አውቶቡሱ እንዳይነሳ" አልኩት ካፒቴኑን። "ታብስን አውርደው።"

"ኔልዳ፣ አብደሻል?"

"ምናልባት። አውርደው።"

ፍሩጄ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው ያገኘሁት። ሁለቱን ሳንቲሞች ከፊቱ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖርኳቸው። አያቸውና ባርኔጣውን አወለቀ።

"ቀለጠ" አለ።

"ቀለጠ፣ ሚስተር ኤልሬይ።"

"ትንሽ ነው የወሰድኩት። የጀልባዬን ጄኔሬተር ለቬርና ቤት ወስጄላት ነበር፤ ናፍጣ ነው የሚጠጣው። ጠየቅኋቸው፣ ለሆስፒታል ብቻ ነው አሉኝ። ሆስፒታል ውሰዱልኝ ስል ሞልቷል አሉኝ። በማግስቱ ቦቴ ይመጣል ተባለ፤ እተካዋለሁ ብዬ ከክሊዮ ማቀዝቀዣ ቀዳሁ። ቦቴውን ድልድዩ አገደው። በነጋታውም አልመጣም። ማሽኑ ጠፋ፤ ቦቴው ደርሶ ሞልቼ ያስነሳሁት ዶሮው ከቀለጠ በኋላ ነው። እሷ ግን ትተነፍስ ነበር።"

"ክሊዮስ?"

"ተሳቢው ጋ ጠርቶኝ ኩባያውን አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ። 'ኤልሬይ፣ ይህን ለሰው አላበላም፣ አሁኑኑ እናገራለሁ' አለኝ። 'አትናገር፣ ከግቢው ያባርሩኛል፣ ከተባረርኩ ናፍጣው ቀረ፣ ናፍጣው ከቀረ ቬርና ሄደች' አልኩት። 'አዝናለሁ' ብሎ ዞረ። ዱላው የተሳቢው በር ላይ ተደግፎ ነበር።" እጁን አየው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። "ጥሩ ሰው ነበር። ስንት ዘመን የማውቀው ሰው።"

"ኩባያውን ለምን አልጣሉትም?"

"የኛ ሹፌር ማቀዝቀዣ፣ ኩባያ የሌለው? ወዲያው ትጠረጥሪ ነበር። ነጩን ላወጣው ሞከርኩ፣ በረዶው ድንጋይ ሆኗል። ኪሴ ውስጥ ያቺ ቀይ ነበረች። መርማሪዋ አንቺ እንደምትሆኚ አውቃለሁ። ሳንቲሙን ከላይ ካየሽ ሌላ እንደማትጠይቂ አውቄ ነው።"

"አልጠየቅኩም" አልኩት። "ዶሮውንስ? ሰው ይሞትበት ነበር እኮ!" ተናድጄ ነበር፤ በእሱም፣ በራሴም።

"በደንብ ቢበስል ብዬ ነው" አለ። ራሱም አላመነበትም።

ካቴናውን ሳስርለት እጁን ራሱ ዘረጋልኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ቆመ።

"ኔልዳ፣ ጄኔሬተሩ ጠዋት የሞላሁት ነው። እስኪመሽ ቢቆይ ነው።"

ታብስ ካቴናው ሲፈታለት የእጁን አንጓ እያሸ ቆሞ ነበር። ሽማግሌውን አውቶቡሱ ላይ ሲያሳፍሩት እያየ አንገቱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ስልክ የሚሠራበት ቦታ እንዳለ ጠየቀኝ። ዶሮውን ከሜዳው ኋላ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። መጠለያው ዛሬም ብስኩት በላ። ሆሊየር ባይገደል ኖሮ ይህን ሁሉ የሚነግረን ራሱ ነበር፤ ሰውየው የሞተው ሕዝቡ ከተበላሸ ዶሮ ይልቅ ያን ብስኩት እንዲበላ ብሎ ነው።

አምቡላንስ ጠየቅሁ፤ ነገ አሉኝ። ከግቢው ቦቴ ቀይ ናፍጣ በጀሪካን አስቀድቼ ቦዩን ተሻገርኩ። ፈቃድ የጠየቅኩት ሰው የለም፣ የጠየቀኝም የለም።

ጄኔሬተሩ በረንዳው ላይ እያሳለ ነበር፤ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ መንተባተብ ጀመረ። እጄ ላይ እያፈሰስኩም ቢሆን ሞላሁት። ድምፁ ሲስተካከል ከውስጥ ደካማ ድምፅ ተጣራ።

"ኤልሬይ፣ አንተ ነህ?"

"ኔልዳ ነኝ፣ ሚስ ቬርና። የሴሚየን ልጅ። ናፍጣ ይዤ ነው የመጣሁት።"

"ኔልዳ! ሁለት ሳህን የምትበላዋ?" ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ሳል ዞረ። አልጋዋ ላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ነው። "እሱስ?"

የነገ አምቡላንስ መኖሩን፣ ዛሬ ግን ከእኔ በቀር ማንም እንደሌላት አሰብኩ። "ዛሬ አይመጣም" አልኳት። "እኔ እዚህ አድራለሁ። ጠዋት ቁጭ ብለን እናወራለን።"

ፊቴን አየችው። የተራበ ልጅ ከሩቅ የምትለይ ሴት ናት፤ ምን እንዳነበበችበት አላውቅም። ከዚያ በአገጭዋ ወደ ማቀዝቀዣው አመለከተችኝ።

"ክፈችውና ተመልከቺ" አለች። "በየጠዋቱ ከፍቶ ሳያሳየኝ አይወጣም።"

ከፈትኩት። ከዓሣው አጠገብ ኩባያ አለ። ሳንቲሙ ከላይ ነው። ቀስ ብዬ ኩባያውን ወደ መብራቱ አዘነበልኩት፤ በረዶው ንጹሕ ነበር፣ ከሥሩ ምንም የለም።

"ከማዕበሉ ወዲህ አንድም ጊዜ አልሰጠመም" አለች ቬርና። "ይኸውልሽ፣ መንደሩ ሁሉ ማቀዝቀዣውን ሲጥል የኛ አልሰጠመም። ካገኘሽው ንገሪልኝ።"

"እነግርልዎታለሁ" አልኳትና ማቀዝቀዣውን ዘጋሁት።